ከጥገና በኋላ የጀልባ ሞተር ማርሽ ሲያስቸግር፦ እግሩ ይፈታ፣ ካቮው ይስተካከል ወይስ መካኒክ ይጠራ?

የሞተሩን እግር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚገባውንና ፕሮፔለሩ ያለበትን የታች ክፍል፣ ፈታችሁ የውሃ ፖምፓውን ጎማ ቀየራችሁ። መልሳችሁ ገጠማችሁ። ሞተሩ በመጀመሪያው ጉተታ ተነሳ፣ ውሃውንም ደህና አድርጎ ይተፋል። ከዚያ የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ይንኮሻኮሽና እምቢ ይላል። ወይም ዜሮ ላይ አድርጋችሁት ፕሮፔለሩ መዞሩን አያቆምም፣ ጀልባው ከታሰረበት ገመድ ጋር ግብግብ ይገጥማል።

ከጥገናው በፊት ያልነበረ ችግር ከሆነ መልሱ ያለው እጃችሁ በነካው ቦታ ነው። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ አይደለም። ለእጅ የሚቀርበው ከላይ፣ ክዳኑ ሥር ያለው ካቮ ነው፣ የማርሽ እጀታውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ገመድ። ካቮውን ሁለት ሦስት ዙር ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል፣ የኋላ ማርሹ ሲገባለት ተገላገልኩ ብሎ ክዳኑን ይዘጋል። የፊቱ ማርሽ ግን አሁን በግማሹ ብቻ ነው የያዘው። ባዶ ጀልባ ላይ አይታወቅም። ተሳፋሪ ጭኖ ነዳጅ ሲሰጠው ነው ማርሹ እየተፈናጠረ መውጣት የሚጀምረው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጥርሱ እየተበላ ነው።

ስለዚህ ከአሁኑ ልናገር፦ ካቮ የታችን ስህተት መሸፈኛ አይደለም። ምርጫዎቹ ብዙ ይመስላሉ እንጂ አራት ናቸው፤ እግሩን ድጋሚ ዝቅ አድርጎ የማርሽ ዘንጉን ማስተካከል፣ ካቮውን ማስተካከል፣ ካቮውን ወይም እጀታው ያለበትን መቆጣጠሪያ ሳጥን መቀየር፣ ወይም ለመካኒክ መስጠት። የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን በግምት ሳይሆን በአንድ አጭር ፍተሻ ማወቅ ይቻላል። ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም፣ አንድ የሚያግዝ ሰው ብቻ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ማርሽ መሆኑን አረጋግጡ

ማርሽ የሚመስሉ ግን ማርሽ ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ፕሮፔለሩ ራሱ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይሄድም፣ ወይም ሄዶ ሄዶ ነዳጅ ሲጨመርለት ይከዳል። በፕሮፔለሩ መሃል፣ በብረቱና በዘንጉ መካከል፣ ጎማ አለ። ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ እንዲንሸራተት ተብሎ የተሠራ ነው። ይህ ጎማ ከለቀቀ ማርሹ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ውሃው ጋ አይደርስም። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ በጎማው ፈንታ የምትቆረጥ ፒን አለች፣ እሷን አውጥቶ ማየት ነው። ጎማውን ለመመርመር በመሃለኛው ክፍልና በውጭው ክፍል ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ወይም በምስማር አስምሩ፣ ጀልባውን ትንሽ ንዱት፣ ተመልሳችሁ እዩ። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ከተለያየ ካቮውንም እግሩንም አትንኩ። ፕሮፔለሩን አሠሩ።

ሁለተኛው ሚኒሞው ነው፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት። ይሄ በተለይ ለኛ ሀገር ሐይቆች የሚነገር ነው። ጣና ከባሕር ወለል ከ1,780 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው፣ ሐዋሳና ዝዋይም ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከፋብሪካ የሚወጣው ለባሕር ዳርቻ አየር ተስተካክሎ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ሞተሩ ዜሮ ላይ ሲቆም ይንተባተባል፣ ይጠፋል። ታዲያ ምን ይደረጋል? የሚኒሞዋ ብሎን ትጠበቃለች። ሞተሩ መጥፋቱን ይተዋል፣ ግን ዜሮ ላይ እየጮኸ ነው የሚቆመው። በዚያ ፍጥነት ማርሽ ሲገባ ቋ! ብሎ መላው ጀልባ ይነቀነቃል። ሰውየውም "ማርሹ ተበላሽቷል" ይላል። አልተበላሸም፣ ገና ነው። እንዲህ እየተመታ ከቀጠለ ግን መበላሸቱ አይቀርም። የሞተራችሁ መመሪያ የሚለውን የዙር ቁጥር እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ በ1,000 ዙር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሚኒሞው ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ካርቡሬተሩ ይጽዳ፣ ቅይጡ ይስተካከል። ስለ ማርሽ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእግሩ ውስጥ ምን አለ?

አጭር ላድርገው፣ ግን ይሄን ካላወቃችሁ የሚቀጥለው ሁሉ ድፍን ይሆንባችኋል።

ከሞተሩ የሚወርደው ቋሚ ዘንግ ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ባለጥርስ ክብ ብረት አለው። እሱ ሁለት ትልልቅ ባለጥርስ ክብ ብረቶችን ያዞራል፣ አንዱን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ሁለቱም ሁልጊዜ እየዞሩ ናቸው። ፕሮፔለሩ ያለበት ዘንግ ግን ከሁለቱም ጋር አልተያያዘም። በመካከላቸው ጎንና ጎኗ ጥርስ ያላት ቀለበት አለች፣ ወደ አንዱ ስትንሸራተት ያኛው ይይዛታል፣ መሃል ስትቆም ዜሮ ነው። እናንተ እጀታውን ስትገፉ ካቮው፣ ካቮው ደግሞ የማርሽ ዘንጉን፣ ዘንጉ ደግሞ ያችን ቀለበት ይገፋል። በቃ፣ ይሄው ነው።

የቀለበቷ ጉዞ በጣም አጭር ነው፣ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር። ለዚህ ነው ላይ የምትታይ ትንሽ ስህተት ታች ሄዳ ትልቅ የምትሆነው። ቀለበቷ ሙሉ ለሙሉ ካልገባች የጥርሶቹ ጫፍና ጫፍ ብቻ ይነካካል። ጫፉ ሲበላ ይድቦለቦላል፣ የተድቦለቦለ ጥርስ ደግሞ ምንም ብታስተካክሉት ጉልበት ሲመጣበት ይሸሻል።

በነገራችን ላይ ማርሽ ቀስ ብሎ በማባበል የሚገባ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ተሳስቷል። ሚኒሞ ላይ ሆኖ በአንድ ቆራጥ እንቅስቃሴ ነው ማስገባት። ስታባብሉት ያ የምትሰሙት መንኮሻኮሽ የጥርሶቹ ጫፍ እየተላገ ነው።

የት እንዳለ የሚነግራችሁ ፍተሻ

ሞተሩ ይጥፋ። የድንገተኛ ማጥፊያዋ ገመድ ትነቀል፣ የካንዴላ ገመዶቹም ይነቀሉ። ይሄ ለወጉ አይደለም፤ በእጃችሁ ፕሮፔለር ልታዞሩ ነው።

የማርሽ ካቮውን ሞተሩ ላይ ካለው የማርሽ ማንሻ ንቀሉት። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ኮፒሊያ ወይም ቅንጥብ ነው። አሁን ማንሻው ከካቮው ነጻ ነው። አንዱ ሰው ፕሮፔለሩን በቀስታ ያዙር፣ ሌላው ማንሻውን በእጁ ያንቀሳቅስ። ፕሮፔለሩን ማዞር የግድ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ከተገጣጠመ ማርሹ ጤነኛም ሆኖ አይገባም። ብዙዎች እዚህ ጋ ነው "አልገባም" ብለው በከንቱ የሚደነግጡት።

ዜሮ ላይ ፕሮፔለሩ በሁለቱም አቅጣጫ እንደልቡ መዞር አለበት። ማንሻውን ወደፊት ማርሽ ስትገፉት የሆነ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ፕሮፔለሩን ለማዞር ሞተሩን ራሱን ማዞር ይሆንባችኋል። ማንሻው የያዘበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ወደኋላ ማርሽም እንዲሁ። ትክክለኛው ዜሮ የሁለቱ ምልክቶች መሃል ነው። በአንዳንድ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በመርኩሪ፣ የፊት ማርሽ ላይ ሆኖ ፕሮፔለሩ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተንቀጫቀጨ ሊዞር ይችላል፣ ወደ ሌላው ግን ይቆለፋል። አሠራሩ ነው፣ ብልሽት አይደለም። የኋላው ላይ በሁለቱም በኩል መያዝ አለበት።

አሁን ውጤቱን አንብቡት። ካቮው ተነቅሎ ሁለቱም ማርሾች ጥርት ብለው ከገቡና ከመሃሉ እኩል ርቀት ላይ ከያዙ እግሩ ደህና ተገጥሟል፣ ሥራችሁ ካቮው ላይ ነው። አንዱ ገብቶ ሌላው ካልገባ፣ ወይም አንዱ ወዲያው ይዞ ሌላው ማንሻው መጨረሻ ደርሶ ገና ከሆነ፣ ካቮውን እርሱት፤ ወደ ታች ነው መሄድ። ሁለቱም ገብተው ግን ማንሻው በእጅ ሲገፋ ቀሎ፣ ካቮው ሲታሰር የሚከብድ ከሆነ ካቮው ራሱ ወይም ሳጥኑ ታሟል።

መሪ እጀታው ራሱ ላይ ያለ፣ በእጅ የሚያዝ ሞተር ከሆነ ምርጫው ይቀላል። ረጅም ካቮ የለውም፣ ማንሻው በአጭር ብረት ነው የሚያያዘው። እዚያ ላይ ከጥገና በኋላ የመጣ የማርሽ ችግር በአብዛኛው የታች ነው።

እግሩን ድጋሚ መፍታት

ማንም አይወደውም፣ አውቃለሁ። ገና ከመግጠማችሁ ነው። ግን ፍተሻው ወደታች ካመለከተ ይሄ ነው ርካሹ ምርጫ፣ ምክንያቱም ከጊዜ በቀር የሚያስወጣችሁ ነገር የለም፤ መጀመሪያ ስትፈቱት የተጠቀማችሁባቸው መፍቻዎችም ይበቃሉ።

እዚህ ላይ የሞተሩ ዓይነት ብዙ ይለያያል። በአነስተኛ የያማሃ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 9.9 እና 15 ፈረስ ጉልበት ባላቸው፣ የማርሽ ዘንጉ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የላይኛውንና የታችኛውን የሚያያይዝ ባለጥርስ ማገናኛ አለ፣ እሱን የምትቆልፍ ዳዶ አለች። ይሄ ለባለቤቱ ምቹ ነው። ዳዶዋን አላልቶ፣ ማገናኛውን አዙሮ፣ ዘንጉን ማርዘም ወይም ማሳጠር ይቻላል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ከላይም ከታችም በቂ ጥርስ መያዙን ሳታዩ ዳዶዋን አታጥብቁ። በጥቂት ጥርስ የተንጠለጠለ ማገናኛ አንድ ቀን መሃል ሐይቅ ላይ ይለቃል።

ተለቅ ባሉት ሞተሮች፣ በብዙዎቹ መርኩሪዎችም፣ ዘንጉ ወደላይና ወደታች አይሄድም፣ ይዞራል። ጫፉ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ነው፣ ወደ ላይኛው ማያያዣ ይሰካል። የሚስተካከል ዳዶ የለውም። አንድ ጥርስ ብቻ ስታችሁ ብትገጥሙት አንዱ ማርሽ ይገባል፣ ሌላው አይገባም። እዚህ ላይ ማስተካከል ማለት እግሩን ዝቅ አድርጎ ዘንጉን አንድ ጥርስ አዙሮ መመለስ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ምልክት ያደረገ ሰው በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፣ ያላደረገ ደግሞ አንድ ሁለቴ መሞከር አለበት።

ጆንሰንና ኤቪንሩድ ለየት ይላሉ። እነሱ ላይ በብዙዎቹ ሞዴሎች ዋናው ነገር የዘንጉ ቁመት ነው፤ ከእግሩ የላይ ፊት ጀምሮ እስከ ዘንጉ ቀዳዳ ድረስ የሚለካ፣ ለየሞዴሉ የተለየ ቁጥር አለው። በጥገናው ጊዜ ዘንጉ በአጋጣሚ አንድ ዙር ከዞረ ቁመቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ቁጥሩን ከመመሪያ ውጭ መገመት አይሞከርም። ኤቪንሩድ ማምረት በ2020 እ.ኤ.አ. ስለቆመ ትክክለኛውን መመሪያ ከወዲሁ ፈልጎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ማርሹ የት ላይ ሆኖ ነው እግሩ የሚገጠመው? ያማሃ በአብዛኛው ዜሮ ላይ፣ ብዙዎቹ መርኩሪዎች የፊት ማርሽ ላይ። ላይና ታች አንድ ዓይነት ማርሽ ላይ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ እግሩን አትግፉ። ከጥገና በኋላ ከሚመጡት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህች የወጡ ይመስለኛል፤ እግሩ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ልጅ ወይም ረዳት ዘንጉን ነክቶት ይሆናል፣ ወይም ላይ ያለው እጀታ ተገፍቶ ይሆናል።

ሞዴሉን ደግሞ በቀለሙና በተለጠፈው ቁጥር አትመኑ። ክዳን ይቀያየራል። ያማሃ ላይ የሞዴሉ መለያ ሞተሩን ከጀልባው ጋር በሚይዘው ማሰሪያ ብረት ላይ ነው ያለው፣ መመሪያም ዕቃም የሚፈለገው በእሱ ነው።

ስትመልሱ የሚያጋጥመው ትልቁ ፈተና እግሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቆሙ ነው። ቀሪውን በቡሎን መሳብ ይመጣል በሐሳባችሁ። ተዉት! ክፍተት ካለ ወይ ቋሚው ዘንግ ከሞተሩ ክራንክ ሻፍት ጋር አልተገጠመም፣ ወይ የማርሽ ዘንጉ ማያያዣውን አላገኘም፣ ወይ የውሃ ቧንቧው ከቦታው ውጭ ነው። በቡሎን ከሳባችሁት የሚሰበረው የእግሩ ቤት ነው። ረዳታችሁ ከላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ ፍላይዊሉን፣ በሰዓት አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ያዙረው፣ እናንተ እግሩን በእጅ ወደላይ ግፉ፣ ጥርሱ ሲገናኝ ራሱ ይገባል። በተቃራኒው አታዙሩ፤ አዲሱ የፖምፓ ጎማ ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ግሪስም ከሆነ የቋሚውን ዘንግ ጥርሶች ጎን ቀቡ እንጂ አናቱ ላይ አትከምሩ፣ የተከመረው ግሪስ መውጫ አጥቶ ዘንጉ ሙሉ እንዳይገባ ይከለክላል።

ካቮውን ማስተካከል

ይሄ ቀላሉ ነው፣ ፍተሻው ወደዚህ ካመለከተ ብቻ። ሥራው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ይሁን። ሞተሩ ላይ ያለውን ማንሻ ቅድም ባገኛችሁት ትክክለኛ መሃል ላይ አቁሙት። ከዚያ የካቮው ጫፍ ቀዳዳ ከማንሻው ፒን ጋር ያለምንም መግፋትና መሳብ እስኪገጥም ድረስ ጫፉን አዙሩ። አንድ ሙሉ ዙር የካቮውን ርዝመት የሚለውጠው በ0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ብዙ ከሆነና ዙር በዙር ላይ እየደራረባችሁ ከሄዳችሁ ቆም በሉ፤ ደህና የነበረ ካቮ በፖምፓ ጥገና ይህን ያህል አይዛባም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ያማሃ የሚያስቀምጠው ገደብ አለ፦ የካቮው ጫፍ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ገብቶ መያዝ አለበት። ከዚያ ባነሰ ጥርስ ማሰር ጫፉ እንዲነቀል መፍቀድ ነው። ማስተካከያው ከዚያ በታች ከጠየቃችሁ ካቮው ረጅሙ ወይም አጭሩ መጥቶላችኋል፣ አለበለዚያ ታች ያለው ተዛብቷል።

የመርኩሪው ትንሽ ይለያል። እዚያ የሚዞረው ካቮውን መሃሉ ላይ የሚይዘው የነሐስ በርሜል ነው። አሮጌ ካቮ ልል ጉዞ አለው፣ ሳይንቀሳቀስ የሚመስል ግን የሚላወስ። መቆጣጠሪያውን ዜሮ ላይ ትታችሁ ጫፉን በእጅ ገፍታችሁ ምልክት አድርጉ፣ ስባችሁም ምልክት አድርጉ፣ መሃላቸውን ውሰዱ፣ በርሜሉን በዚያ አስተካክሉ። የማርሹ ካቮ ሁልጊዜ ከነዳጁ ካቮ በፊት ይታሰራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከጠፋባችሁ እጀታውን ከዜሮ በቀስታ አንቀሳቅሱት፤ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የማርሹ ነው።

ካቮው ይስተካከል ወይስ ይቀየር?

ከሞተሩ ነቅላችሁ ባዶውን እጀታውን ስትገፉት የሚከብድ ካቮ ማስተካከል የሚባል ነገር አያድነውም። ውጪው ላስቲክ ተሰንጥቆ ወይም ጫፉ ጋ አብጦ ከሆነ ውስጡ ዝጓል። ዘይት መጨመር ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ግን ከርሞ የሚነክስ ካቮ የሚነክሰው ወደብ ላይ ለመቆም ስትጠጉና የኋላ ማርሽ ስትፈልጉ ነው። እኔ ብሆን እቀይረዋለሁ። ስትቀይሩ የነዳጁንም አብራችሁ ቀይሩት፣ ዕድሜያቸው አንድ ነውና። አዲሱ ከአሮጌው ርዝመት ጋር እኩል ይሁን፣ ሹል መታጠፊያም አይኑረው።

መቆጣጠሪያ ሳጥኑን የምትጠራጠሩት ካቮው ከሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ ቀሎ ሲገኝ፣ እጀታው ግን ብቻውን ሲከብድ ወይም ሲላወስ ነው። ከእግር ጥገና በኋላ ሳጥን ድንገት መበላሸቱ ብርቅ ነው፣ መጨረሻ ላይ አስቡት።

መካኒክ፣ ወይስ ሌላ እግር?

የእግሩን ዘይት ሳታዩ ይህን አትወስኑ። የታችኛውን ብሎን ፍቱ፣ ማግኔት ካለው ጫፉን አጥብቃችሁ እዩት። ጣት ላይ የሚሟሟ ግራጫ ቅባት የተለመደ መበላት ነው። በጥፍር የሚያዝ ፍርፋሪ ብረት ካለ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየሄደ ነው፤ ማስተካከል አልፎበታል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ጣና ላይ ይሄን ደጋግማችሁ ማየት ያለባችሁ ምክንያት አለ፦ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ከእሱ ጋር ገመድና የመረብ ክር ከመጣ ደግሞ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ የዘይት መከላከያ ጎማውን ይቆርጣል። ጭቃማው ውሃም የፖምፓውን ጎማ ቶሎ ይበላዋል፣ እግሩም ቶሎ ቶሎ ይፈታል።

ለመካኒክ የምትሰጡት እነዚህን ስታዩ ነው፦ ፍርፋሪ ብረት፣ ፍተሻው ሁሉ ትክክል ሆኖ ጉልበት ሲመጣበት ብቻ የሚወጣ ማርሽ፣ ወይም የተጣመመ የፕሮፔለር ዘንግ። የእግሩ ውስጥ ጥርሶች የሚገጠሙት በቀጫጭን ማስተካከያ ቀለበቶች ተለክተው ነው፣ መለኪያና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። ጎበዝ የመኪና መካኒክ ሁሉ ይህን አይሠራም፣ የጀልባ ሞተር እግር ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ስትሰጡት ደግሞ "ማርሹ እምቢ አለ" ብቻ አትበሉት። ካቮው ተነቅሎ የትኛው ማርሽ እንደገባ፣ ዘይቱ ምን እንደሚመስል ንገሩት። የሚያስከፍላችሁም፣ የሚፈታውም ይቀንሳል።

ሙሉ ያገለገለ እግር ገዝቶ መግጠም የሚባል መንገድም አለ። ውስጡ ከተበላ አንዳንዴ ከጥገናው ይሻላል፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ አይጠበቅምና። ግን ሁለት ነገር ሳታዩ ብር አታውጡ። አንዱ ቁመቱ ነው፤ አጭሩ ወደ 38፣ ረጅሙ ወደ 51 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጀልባ ጀርባ የሚፈልግ ነው። ሌላው የጥርሱ ምጥጥን ነው፣ ይሄ ከውጭ አይታይም። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ፕሮፔለሩ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ቋሚው ዘንግ ስንት እንደሚዞር ቁጠሩ፣ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። ሻጩ "ያው ነው" ቢልም ቁጠሩ።

ጀልባው ከመነሳቱ በፊት

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ እነዚህን ሳታደርጉ ሰው አትጫኑ።

ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ሆኖ መነሳት የለበትም። ይህን የሚከለክል መቆለፊያ አለው፣ ገመድ በሚጎተተው ላይ ከማስነሻው ጋር የተያያዘ፣ በቁልፍ በሚነሳው ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ። የማርሹን መሃል ስታንቀሳቅሱ መቆለፊያውም አብሮ ሊዛባ ይችላል። የፊት ማርሽ ላይ አድርጋችሁ ለማስነሳት ሞክሩ፣ የኋላውም ላይ። ከተነሳ ሥራው አላለቀም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ የተነሳ ሞተር የቆመ ሰው ውሃ ውስጥ ይጥላል፣ ፕሮፔለሩም እየዞረ ነው።

ከውሃው ወደላይ በእጅ በሚሳቡ ብዙ ሞተሮች ላይ የኋላ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ወደላይ እንዳይነሳ የሚይዝ መንጠቆ አለ፣ እሱም ከማርሹ ጋር ይያያዛል። የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ እግሩን በእጅ ወደላይ ለመሳብ ሞክሩ፣ መያዝ አለበት።

ከዚያ ጀልባውን ከፊትም ከኋላም በጠንካራ ገመድ እሰሩት፣ ሞተሩ ይሙቅ፣ ሚኒሞ ላይ ዜሮ፣ ፊት፣ ዜሮ፣ ኋላ እያላችሁ ደጋግሙት። ዜሮ ላይ ፕሮፔለሩ ውሃ የሚገፋ ከሆነ አልተስተካከለም። ከዚያ ገመዱን ፈትታችሁ ባዶውን ጀልባ ወስዳችሁ ነዳጅ ጨምሩለት። ማርሹ ካልወጣ፣ ስትመለሱ የካቮው ኮፒሊያ፣ የዳዶዋ መጥበቅና የእግሩ ቡሎኖች ይታዩ። የእግሩን ዘይት ካፈሰሳችሁ ከታችኛው ቀዳዳ ገፍታችሁ በላይኛው እስኪወጣ ሙሉት፣ የሁለቱንም ብሎኖች ጓርኒሲዮን አዲስ አድርጉ፤ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ደግሞ ትንሽ ዘይት አውጥታችሁ ቀለሙን እዩ።